የእማማ ፋርቱን ችካል

በሃምሳ ሁለት ዓመተ ምሕረት፣ በጥር ወር፣ እኔ የማዘጋጃ ቤት ጸሐፊ ሳለሁ፣ ከወጣቱ መሐንዲስ ከአቶ ጥሩሰው ጋር ወደ ደቻቱ ወንዝ ስንወርድ፣ አንዲት የመጋላ ሰፈር ባልቴት ትናንት የተከልነውን ችካል ነቅለው በብብታቸው ይዘው አገኘናቸው። ችካሉ የሰፈሩ የመጀመሪያ የውኃ ቦኖ የሚቆምበት ምልክት ነበር። እኔ፣ እውነቴን ልናገርና፣ ደሜ ፈላ።

ጥሩሰው ግን ባርኔጣውን አንሥቶ «እማማ፣ ይህ የመንግሥት ሥራ ነው፤ ይመልሱልን» አላቸው።

«አቦ፣ ቦኖውን ለማን ነው የምትሠራው?»

«ለእናንተ ነዋ!»

«ታዲያ ለምን አልጠየቅከንም?»

«በሽተኛ ለሐኪሙ መድኃኒት አይመርጥለትም፣ እማማ። እኔ ለዚህ ስድስት ዓመት ተምሬአለሁ። ቦታው ሜዳ ነው፤ ለዋናው ቧንቧም ቅርብ ነው።»

«በሽተኛው ግን የት እንደሚያመው ይናገራል! አንተ የለካኸው በበጋ ነው። ደጋው ላይ ከዘነበ፣ እዚህ ሰማዩ ጠርቶ ሳለ ጎርፉ ከተፍ ይላል። ዓምና ልጄን ኩልሚዬን ውኃ ልትቀዳ ወርዳ ከነባልዲዋ ወሰዳት። ጎረቤት በገመድ ባያወጣት ኖሮ ወላሂ ዛሬ የለችም። ቦኖህ እዚህ ከቆመ መጋላ ሁሉ ልጁን ወደ ጎርፍ መስደዱ ነው። ና ላሳይህ!»

ስማቸው ፋርቱን ነው። ይዘውን ወደ ሰፈሩ ገቡ። እዚያ ነዋሪው ጎርፍ በመጣ ቁጥር የደረሰበትን ልክ ግድግዳ ላይ በኖራ ያሰምራል። እኔ ሺህ ጊዜ ሳልፍ ጌጥ ይመስለኝ ነበር፤ አይ የኔ ነገር! ጥሩሰው ሜትሩን ዘርግቶ ለካና ላብ አጠመቀው። ቦኖው እኛ ባልነው ቦታ ቢቆም ከነአናቱ ይሰጥም ነበር።

«ተሸንፌአለሁ፣ እማማ። የት ይሁን?»

«እኔ ብቻዬን ምን አውቃለሁ? ሰፈሩን ጠይቅ።»

ጎረቤት ተሰበሰበ። ነጋዴዎቹ ሱቃችን ደጃፍ ይሁን ብለው ጮኹ። እማማ ፋርቱን «እናንተ ውኃ የሚጭን አህያ አላችሁ፤ ላይኛው ሰፈር ያለው ድኻ ግን በጀርባው ነው የሚያመላልሰው» አሏቸው። ትንሽ ካጉረመረሙ በኋላ ከዳገቱ ላይ፣ ሦስቱ መንገዶች ከሚገናኙበት እንዲሆን ተስማሙ።

«ከዋናው ቧንቧ እስከ ዳገቱ ድረስ ይኼን ሁሉ ቦይ ማን ሊቆፍር ነው?» አልኩ አፌን ሞልቼ።

«እኛ!» አለ ዋበሪ የተባለ የባቡር ሠራተኛ። በማግሥቱ ከሥራ መልስ ዶማውን ይዞ መጣ፤ ነጋዴዎቹም ሳይቀሩ ተከተሉት። በሁለት ወር ውኃው ፈሰሰ። ሕዝቡ በእጁ ስለቆፈረው እንደ ዓይኑ ብሌን ይጠብቀዋል፤ ቧንቧ ሲያፈስ አቤቱታ እስኪጻፍ አይጠብቅም። የልጆቹም የሆድ በሽታ ቀነሰ።

በነሐሴ፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ደቻቱ እያገሳ መጣ። ሁላችንም ከቦኖው ዘንድ ቆመን ወደ ታች ስናይ፣ ያ እኔና ጥሩሰው መጀመሪያ የመረጥነው ሜዳ የለም፤ ሁሉም ቡናማ ውኃ ነው። ኩልሚዬ ከጎናችን እግሯ ሳይረጥብ ባልዲዋን ትሞላለች። ሴቶቹ እልልታቸውን አቀለጡት፤ እኔም ሳላፍር አለቀስኩ።

እማማ ፋርቱን ችካሉን ከነጠላቸው ሥር አወጡና ለጥሩሰው ሰጡት።

«እንካ፣ ልጄ። ያኔ ባልነቅለው ኖሮ ዛሬ ጎርፉ ወስዶት ታች ሽንሌ ደርሶ ነበር!»