የኦቦ ባጫ ዋቅቶላ እጅና የኤቢሴ ድራይቨር

ካህናት አባቶች፣ የእድራችን አባላት፣ ከሰበታና ከቡራዩ ድረስ የመጣችሁ ወዳጆች፣ ፀሐዩ ሳይበረታባችሁ ንባቡን ማብቃት ተገቢ ነበር። ነገር ግን ዛሬ የምንሸኛቸው ሰው ችኮላን አጥብቀው የሚጠሉ ስለነበሩ፣ በቀብራቸው ላይ መቸኮል እንደ ነውር ይቆጠራል። ይህን ዜና ሕይወት የሚያነብላችሁ የባለቤታቸው የወ/ሮ ጠጅቱ ታላቅ ወንድም ብዙነህ ነው፤ የጻፈውም እህቱ አጠገቡ ተቀምጠው የነገሩትን ነው።

ኦቦ ባጫ ከአባታቸው ከኦቦ ዋቅቶላ ጉተማና ከእናታቸው ከወ/ሮ ብርቄ ሂርጳ በ1950 ዓ.ም. እዚሁ ሱሉልታ፣ ከአስፋልቱ በላይ ባለው መንደር ተወለዱ። ዕድሜያቸው ለትምህርት ሲደርስ ትምህርት ቤት ገብተው እስከ ስድስተኛ ክፍል ከተማሩ በኋላ፣ አባታቸው በሕመም ስለወደቁ ደብተሩን አስቀምጠው የአባታቸውን ሙያ ያዙ። ሙያውም የመጥረቢያና የዶማ ዛቢያ ጠርቦ ገበያ ማውጣት ነበር። ገዢው ዛቢያውን ጨብጦ፣ አንሥቶ ሲሰነዝር ካላዩ በቀር ለመሸጥ እጃቸው አይፈታም ነበርና፣ በገበያ ቀን እርሳቸው ፊት የሚሰነዝረው ሰው ብዛት ጠብ የተነሣ ያስመስል እንደነበር የሚያስታውሱ ዛሬም እዚህ ቆመዋል። ዶማ የሚከብደው እንደ አያያዙ ነው፣ ለአንዱ ላባ የሆነው ለሌላው ድንጋይ ይሆናል ይሉ ነበር።

በ1979 ዓ.ም. ከወ/ሮ ጠጅቱ ጋር በሥርዓተ ተክሊል ተጋብተው ወንድ ልጃቸውን ጂሬኛን፣ ቀጥሎም ሴት ልጃቸውን ኤቢሴን ወለዱ። በትዳር በኖሩበት ዘመን ሁሉ ሽማግሌ የሚያስጠራ ጠብ በቤታቸው አልተሰማም፤ ብትነታረክም የምትነታረከው እህታችን ስትሆን፣ እርሳቸው እንጨታቸውን እየላጉ እሺ፣ እሺ ይሉ ነበር።

በ1992 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ መጥተው በሰፈራችን ቤት የሠሩት አቶ በሪሁን፣ ወደ አገሩ የተመለሰ አንድ ረጅም ፈረንጅ የተወላቸውን የጎልፍ ዱላ ይዘው ወደ ኦቦ ባጫ ደጅ መጡ። ዱላው ድራይቨር የሚባለው፣ ኳሷን ከመነሻው አርቆ የሚሰደው ረጅሙ ሲሆን፣ አቶ በሪሁን ደግሞ፣ እዚሁ ቆመው እየሰሙ ስለሆነ ይቅርታቸው ይሁንና፣ ቁመታቸው ለዚያ ዱላ የሚበቃ አልነበረም። የዶማ ዛቢያ የሚያጥረው ብረቱ በሚገባበት በኩል ነውና፣ ኦቦ ባጫ ሳይጠይቁ የዱላውን ራስ አውልቀው ዘንጉን ከቀጭኑ ጫፍ ቆረጡት። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች እንዲሉ፣ ዘንጉ እንደ በር መቀርቀሪያ ደረቀ፣ ራሱም አልገባም አለ፤ በሞረድ ተሞርዶ በግድ ሲገባም ኳሷ ወደ ጎን እየሄደች ቁጥቋጦ ውስጥ መቅረት ጀመረች።

ሌላ ሰው ቢሆን የማላውቀውን ነገር ለምን ነካሁ ብሎ በተወው ነበር፤ ኦቦ ባጫ ግን እፍረቱ እንቅልፍ ስለነሣቸው፣ ሌላ ዱላ ካላመጡልኝ ብለው አቶ በሪሁንን መግቢያ መውጫ አሳጧቸው። የችኮላ ጠላት ሆነው የኖሩት ከዚያ ቀን ጀምሮ ነው። ድራይቨር የሚያጥረው በመያዣው በኩል እንደሆነ፣ ባጠረም ቁጥር ራሱ በእጅ ላይ እየቀለለ መጥቶ መቺው ዱላው የት እንዳለ እስኪጠፋው እንደሚደርስ፣ ስለዚህም ከራሱ ላይ እርሳስ የሚባለውን ከባድ ብረት መለጠፍ እንደሚያሻ፣ ሲረዝም ግን ራሱ ስለሚከብድ እርሳሱን በመያዣው ውስጥ አግብቶ ሚዛኑን ማቅለል እንደሚቻል ቀስ በቀስ ተረዱት። እርሳሱንም ከጎሚስታ ቤት፣ ከጎማ ባላንስ ትርፍራፊ እየለቀሙ ያመጡት ነበር። ሙያቸው ተሰምቶ ከጎልፍ ሜዳው ዱላ ይዞ የሚመጣውን ሰው ሁሉ ዓይንህን ጨፍን ብለው ያስወዘውዙትና የዱላው ራስ አሁን የት ነው ብለው ይጠይቁታል፤ ካላወቀ ሥራው አላለቀም፣ ሰውየው ቢቸኩልም ዱላው እዚያው ያድራል።

ኤቢሴ የተጠገነውን ዱላ ለማድረስ አባቷን ተከትላ ወደ ጎልፍ ሜዳ ስትመላለስ ጨዋታውን ለመደችው፤ ለመደችው ማለትም ያንሳል፣ ከወንዶቹ አርቃ ትመታ ነበር። ኦቦ ባጫ ልጃቸውን በሰው ፊት የሚያሞግሱ ሰው አልነበሩም፤ እርሷ ስትመታ ግን ባርኔጣቸውን አውልቀው በእጃቸው ይጨመድዱት ነበርና፣ ባርኔጣ በየዓመቱ መግዛት የግድ ሆነ።

በ2014 ዓ.ም. ኤቢሴ ከምታስተምርበት ከቡራዩ ስትመለስ የተሳፈረችበት ሚኒባስ ተገልብጦ ቀኝ ትከሻዋ ተሰበረ። አጥንቱ ቢገጥምም እጇን ከጆሮዋ በላይ ማንሣት ሰቀቀን ሆነባት፤ በቤቱ ውስጥ ጎልፍ የሚባል ነገር እንዳይነሣ ብላም አስጠነቀቀች። ዓመት አልፎ አባቷ ደጋግመው ለምነዋት እሺ ስትል፣ የራሷን ድራይቨር በአራት ጣት አሳጥረውና አቅልለው ሰጧት። የልጅ መጫወቻ ሰጠኸኝ ብላ ብታለቅስም መታች፤ ቅርብም ቢሆን ኳሷ ሄደች።

አሁን የሚነገረውን ኤቢሴ የምትሰማው ገና ዛሬ ነው። ኦቦ ባጫ ከዱላው የቆረጡትን ቁራጭ አልጣሉትም ነበር። የመያዣው ጎማ አለቀ፣ ልቀይርልሽ እያሉ ዱላውን ይወስዱና፣ ከወይራ የጠረቡትን ቀጭን እንጨት በዘንጉ ውስጥ አግብተው፣ ከቁራጩ ስስ ስስ እየቆረሱ መልሰው ይቀጥሉበት ነበር። ክብደቱ እንዳይታወቃት በመያዣው ውስጥ እርሳስ ይጨምራሉ፤ ትከሻዋ ሲለምደው ደግሞ እርሳሱን በጥቂት በጥቂቱ ያወጡታል። ዛሬ ከበደኝ ስትላቸው አዲስ ጎማ እስኪለመድ ነው ይሏታል። ዕድሜያቸውን ሙሉ ሲዋሹ ሰምተናቸው የማናውቅ ሰው፣ በዚህ ነገር ግን እንደ ደላላ ይዋሹ ነበር። ባለፈው መስከረም ዱላው ወደ ቀድሞ ርዝመቱ ተመለሰ፣ የመጨረሻውም እርሳስ ወጣ፤ ይህንንም ከእርሳቸውና ከወ/ሮ ጠጅቱ በቀር ያወቀ አልነበረም።

በዚያው ሰሞን የጀመራቸው የጉበት ሕመም እየጠናባቸው ሄዶ፣ አዲስ አበባ ሲታከሙ ቆይተው በየካቲት ወር ቤታቸው ተኙ። ኤቢሴም ለሰኔው የጎልፍ ውድድር ተመዝግባ ስለነበር መጥታ፣ አባባ ዱላዬን ወደ ቀድሞው ርዝመት መልስልኝ ብላ ለመነቻቸው። እርሳቸው ግን ይህ ይበቃሻል ብለው ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዞሩ። ትከሻዋ ስብራቱን ረስቶታል፣ ከነገርኳት ያስታውስና ይፈራል፣ ውድድሩ ይለፍ ብለው ለባለቤታቸው ነግረዋቸው ነበር። እርሷ ደግሞ አባቷ ተስፋ የቆረጡባት መስሏት፣ ቅስሟ ተሰብሮ ሳትቀመጥ ወጣች። ከዚያም እናቷን በስልክ ከመጠየቅ በቀር ያንን ደጅ አልረገጠችም።

ወ/ሮ ጠጅቱ እባክዎ ይንገሯት ብለው ቢማጸኗቸው፣ ተያት ትቆጣ፣ ስትቆጣ አርቃ ትመታለች እያሉ ያሾፉ ነበር። ይሁንና በሩ በተንኳኳ ቁጥር ከትራሳቸው ቀና ይሉ ነበር፤ የገባው ሌላ ሰው ሲሆን ተመልሰው ይጋደማሉ። እንዲህ ሆነው ሳለ ሕመሙ ባላሰቡት ፍጥነት ጸናባቸው። ረቡዕ ማታ ባለቤታቸውን ጠርተው፣ ድምፃቸው እየደከመ፣ ለልጃቸው የሚነገር ቃል ሰጡ፦

«ሙሉውን ነው የምትመቺው በያት። ከመስከረም ጀምሮ ሙሉውን ነው።»

በማግስቱ ሐሙስ፣ ሚያዝያ 23 ቀን 2017 ዓ.ም. ጠዋት፣ በተወለዱ በስድሳ ሰባት ዓመታቸው ከዚህ ዓለም ድካም አረፉ። ኤቢሴ ከቡራዩ ስትደርስ እናቷ ቃሉን ልትነግራት ብትሞክርም፣ ልጅቱ ሬሳው ላይ ወድቃ ይቅር በለኝ ከማለት በቀር የሚሰማ ጆሮ አልነበራትም። ወ/ሮ ጠጅቱ ባለቤቴ አፈር ሳይለብሱ በሁላችን ፊት ይነገርልኝ ያሉት ስለዚህ ነው። ኤቢሴ ልጄ፣ አባትሽ አልናቁሽም፣ አልተቀየሙሽምም። የመያዣውን ጎማ ብትገልጪው ወይራውን ታገኚዋለሽ።

ኦቦ ባጫ ዋቅቶላ የሚወዷቸውን ባለቤታቸውን ወ/ሮ ጠጅቱን፣ ልጃቸውን ጂሬኛን፣ ከእርሱም ያዩዋቸውን የልጅ ልጆች፣ እንዲሁም ሙሉውን ድራይቨር የምትመታዋን ልጃቸውን ኤቢሴን ትተውልን ሄደዋል። እግዚአብሔር ነፍሳቸውን ሕመምና ሐዘን በሌለበት ስፍራ ያሳርፍልን፤ ለእህታችን ለጠጅቱ ጽናቱን ይስጥልን፤ ኤቢሴም በሰኔ እዚያ ሜዳ ላይ ስትቆም፣ አባቷ ሳያዩዋት ቢቀሩም፣ ትከሻዋን አያስፈራባት። አሜን።