ታኮውን ያስገባው ማን ነው?

«ያዘው! ተከተለው! አይምለጥህ!»

ድምፁ መጀመሪያ የመጣው ከግድግዳው ነው። ትንፋሽ ያህል ቆይቶ ያው ቃል፣ ያው ጉሮሮ፣ ያው ቁጣ ጆሮዬ ላይ ከደፋሁት ማዳመጫ ውስጥ ደግሞ መጣ። የገደል ማሚቶ በኪራይ ቤት ውስጥ ይኖራል ብዬ አስቤ አላውቅም። ነገሩን አስቤ ሳልጨርስ ሞትኩ።

አንባቢዬ አይደንግጥ፤ የሞትኩት በጨዋታ ነው። በስልክ፣ በኢንተርኔት፣ አምስት አምስት ሆነው የሚጫወቱት ጨዋታ አለ። አንዱ ቡድን የግንብ በር ይጠብቃል፤ ሌላው ሊሰብር ይመጣል። ከጠባቂዎቹ አንዱ ጋሻ ያዥ ነው፤ ከፊት ቆሞ ዱላውን ሁሉ ይቀበላል። አንዱ አካሚ ነው፤ ከጋሻው ኋላ ሆኖ የቆሰለውን ያድናል፣ እሱን ራሱን ግን ንፋስ ይጥለዋል። የቀሩት በቀስት ይወጋሉ። እኔ አካሚ ነኝ፤ በዚያ ዓለም ስሜ «ጤና አዳም» ነው። የጋሻ ያዣችን ስም ደግሞ «መብረቅ»። እንደ ስሙ ብልጭ ይልና የለም። የቆሰለ ጠላት ሲሸሽ ካየ በሩን ጥሎ ይከተላል፤ ያን ጊዜ ሌሎቹ በባዶው በር ይገቡና መጀመሪያ እኔን፣ ቀጥሎ ጓደኞቼን ይለቅሙናል።

«መብረቅ፣ በቃኝ» አለች አለቃችን። ፊቷን አይቼው አላውቅም፤ ድምፅዋ ግን የረጋ ነው። «የሚቀጥለውንም እንዲህ ከሆንክ ሌላ ጋሻ ያዥ እንፈልጋለን። አልጠላሁህም፤ ግን ደከመን።»

በመብረቅ ፈንታ ከግድግዳው ወዲያ ያለው የሽማግሌ ድምፅ መለሰላት፦ «ማን ስለሆነች ነው? የማን ልጅ መሆንህን ንገራት እንጂ!»

መብረቅ የጎረቤቴ ልጅ መሆኑ የገባኝ ይሄኔ ነው። እዚህ ክፍል ከገባሁ ብዙም አልቆየሁም። የምሠራው ፎቶ ኮፒ ቤት ነው፤ እስከዚያች ቀን የምጫወተውም ሥራ ቦታ፣ በሥራ ቦታው ኢንተርኔት ነበር። ያን ዕለት እረፍት ስለነበርኩ ለመጀመሪያ ጊዜ ክፍሌ ሆኜ ጨዋታው ውስጥ ገባሁ። የጎረቤቴ ልጅ ቀለም ቀቢ እንደሆነ፣ ከመሰላል ወድቆ እግሩ ጀሶ ውስጥ እንዳለ ከጠያቂዎቹ ወሬ ሰምቻለሁ። ገብቼ ግን እግዜር ይማርህ አላልኩትም። ከሰው ጋር መግባባት የሚቀናኝ መሐላችን ግድግዳ ሲኖር ነው።

«አለቃ፣ ትንሽ ጠብቂን» አልኩ። «ጋሻ ያዡን አግኝቼዋለሁ።»

«የት?»

«ከግድግዳው ወዲያ።»

ሄጄ በሩን አንኳኳሁ።

ክፍሉ ጠባብ ነው። አልጋው መስኮቱ ሥር ነው፤ ልጁ ትራስ ተደግፎ፣ የታሸገ እግሩን ወንበር ላይ ዘርግቶ ተኝቷል። አባትዬው ግድግዳው ጥግ ዱካ ላይ ተቀምጠው የቻርጀሩን ገመድ ከሶኬቱ ጋር በእጃቸው ደግፈው ይዘዋል። ሶኬቱ ላልቷል፤ የስልኩ ባትሪ ደግሞ አርጅቷል፤ ገመዱን ለቀቅ ሲያደርጉት ስልኩ ድርግም ይላል።

«ግባ፣ ግባ! ጠያቂ ነህ?» አሉኝ። ዕድሜያቸውን በረጅም መንገድ አውቶቡስ የፈጁ ናቸው፤ ሰፈሩ በሙሉ ጋሼ ሹፌሩ ይላቸዋል።

«ጎረቤት ነኝ ጋሼ። ደግሞም... ቅድም የሞትኩት እኔ ነኝ።»

ከእግሬ እስከ ራሴ አዩኝ። «ነፍስ ይማር። ተቀመጥ።»

ልጁ በሳቅ ሊወድቅ ደረሰ። «ጤና አዳም? አንተ ነህ? እኔ እኮ ሰባ ዓመት የሞላህ ሽማግሌ ትመስለኝ ነበር!»

«ምን አድርጌ?»

«ዝም ትላለሃ! ስትሞት እንኳ ድምፅህ አይሰማም።»

ተሳሳቅን። ቀጥሎ ልጁ አንገቱን ደፋ። «ሊያስወጡኝ ነው አይደል?» አለኝ። «ተወው፣ ሰምቻለሁ። የሥራ ጓደኞቼ መጀመሪያ ሰሞን መጡ፤ አሁን እነሱም ሥራ አላቸው። አባዬ ሲወጣ የማወራው ከጣራው ጋር ነው። እናንተ ናችሁ የቀራችሁኝ።»

«ታዲያ በሩን ለምን ትለቃለህ?»

«መቆም እንዳለብኝ ጠፍቶኝ መሰለህ? ቀኑን ሙሉ አንድ ቦታ ነው የምውለው፣ ወንድሜ። እዚያ ውስጥ እግር አለኝ። የሚሮጥ ሰው ሳይ አላስችል ይለኛል።»

አባትዬው ቀደሙኝ።

«ደግ አደረገ! የሚሸሽ ጠላት እያየ ምን ሆኖ ይቆማል? እኔ ልጄን ያሳደግኩት ፊት ፊት እንዲሄድ ነው፤ የሰው ጋሻ ጃግሬ እንዲሆን አይደለም። ይቅርታ አድርግልኝና፣ አንተ ከሰው ጀርባ ተደብቀህ ቁስል የምታሽ፣ ስለ ጀግንነት ልትመክረው መጣህ?»

«ጋሼ፣ እሱ ሲሄድ እኮ አራታችንም እናልቃለን። አንድ ሰው ብቻውን ምንም ቢጎብዝ፣ ድር...»

«ቢያብር ልትለኝ ነው? ድርና አንበሳውን ተወኝ! ከልጅነቴ ጀምሮ ሲተርቱት እሰማለሁ፤ አንበሳ በድር ታስሮ ያየ ሰው ግን እስከ ዛሬ አልገጠመኝም።»

«እሺ፣ እሱን ልተወው። ብቻውን የሮጠ የሚቀድመው የለም ሲባልስ ሰምተው አያውቁም?»

«ሰምቻለሁ። የሚያወሩት የተቀደሙ ናቸው።»

እዚህ ላይ ስለ እኒህ አባት ክፉ እንዳይታሰብ እለምናለሁ። አስተሳሰቡ የእሳቸው ብቻ አይደለም፤ ሁላችንም ተጋርተነዋል። ኳስ ስናይ ውለን ማታ ስሙን የምንጠራው ጎል ያገባውን ነው፤ ኳሱን ከኋላ ነጥቆ ያቀበለው ማን እንደነበር ብንጠየቅ ጭንቅላታችንን እናካለን። ሕንፃ ሲመረቅ የሚጨበጨብለት ሪባን የሚቆርጠው ነው። ልጆቻችንን «አንደኛ ውጣ» እንላቸዋለን፤ «ጓደኛህን ደግፈው» የምንል ግን ጥቂት ነን። እንዲህ ሆነን አድገን አምስት ሰው በአንድ ሥራ ላይ ሲገናኝ፣ አምስቱም አጥቂ ይሆንና በሩን የሚጠብቅ ይጠፋል።

ሽማግሌን በክርክር ማሸነፍ ደግሞ ትርፍ የለውም። ስለዚህ ሌላ መንገድ ሞከርኩ። ጋሼ ልጃቸውን ሊጠይቅ ለመጣ ሁሉ የሚያወሩት አንድ ታሪክ አለ፤ በግድግዳው በኩል ደጋግሜ ስለሰማሁት እኔም በቃሌ ይዤዋለሁ።

«ጋሼ፣ ያን የዳገቱን ነገር በአፍዎ ይንገሩኝ እስቲ።»

ፊታቸው በራ። «ሰምተሃል? ምን መሰለህ፣ አውቶቡሱ ጢም ብሏል። ዳገቱ እኩሌታ ላይ ስንደርስ ሞተሩ እህህ አለና ጠፋ። ፍሬን ብረግጥ የለም! የእጁን ብስብ የለም! መኪናው ወደ ኋላ መንሸራተት ጀመረ፤ ከኋላችን ገደል ነው። ሰው ይጮሃል። እኔ ብቻ አልጮህኩም። መሪውን እንዲህ ይዤ፣ እንዲህ!...»

ብድግ ብለው አየሩን በሁለት እጃቸው ጨበጡት።

«አባዬ! ገመዱን!»

ስልኩ ጠፋ። ጋሼ ደንግጠው ተቀመጡና ገመዱን መልሰው ደገፉት። ስልኩ እስኪነሳ ጠበቅን።

«ከዚያስ ጋሼ?»

«ከዚያማ የኋላውን ወደ ዳገቱ ግድግዳ ጠመዘዝኩት። ቆመ።»

«መሪው አቆመው?»

«መሪ ብቻውን የት ያቆማል! መሪው ጉዞውን አዘገየው። ጎማው ሥር ታኮ ገባ፤ ይህን የሚያህል ድንጋይ።»

«ማን ነው ያስገባው?»

ታሪኩን ለስንት ጠያቂ ሲነግሩ ይህን የጠየቃቸው ሰው የነበረ አይመስለኝም።

«ረዳቴ ነዋ» አሉ በመጨረሻ፣ ቀስ ብለው። «ምስማር እንለው ነበር፤ ከቅጥነቱ የተነሳ።»

«የት ነበር የቆመው?»

«በሩ ላይ።»

«ዘሎ ወርዶ ማምለጥ ይችል ነበር?»

«መዝለሉንማ ዘለለ። ግን ወደ ጎማው ነው የሮጠው። ድንጋዩ እንዳያመልጥ በትከሻው ደግፎት፣ ሰው ወርዶ እስኪያልቅ ከዚያው አልተነሳም።»

«ተሳፋሪው ያን ዕለት የተሸከመው ማንን ነው?»

«እኔን» አሉ ጋሼ።

«ምስማርን ያየው አልነበረም?»

«ከመኪናው ሥር ነበር፣ ልጄ። ማን ያየዋል?» ገመዱን በያዘው እጃቸው ላይ ዓይናቸውን ጣሉ። «አሁን መናኸሪያው ጀርባ ጎማ ይለጥፋል አሉ። ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ አላየሁትም።»

ልጁ አባቱን እንደ አዲስ ሰው ያያቸው ነበር። «አባዬ፣ ይህን አልነገርከኝም እኮ።»

«የጠየቀኝ የለማ» አሉና ወደ እኔ ዞሩ። «እሺ ጤና አዳም፣ ተሸንፌ እንዳይመስልህ። ይሄ ልጅ ጋሻ ይዞ እንደ ጅብራ ይገተር ነው የምትለው?»

«ይገተር አላልኩም ጋሼ። ምስማር ተገትሮ ነበር? ጎማውን ያያል፣ መስታወቱን ያያል፣ ወደ ኋላ ሲነዱ «ና፣ ና፣ በቃ!» ይልዎታል። ጋሻ ያዥም እንዲሁ ነው። የት እንደቆምኩ ማወቅ አለበት፤ እጄ የማይደርስበት ቦታ ቢቆስል ላድነው አልችልምና። መሄድ ካማረው «ልሄድ ነው» ይበለን፤ እኛም ቦታውን እንሸፍንለታለን። የሚሸሸውን ለቀስተኞቹ ይተው፤ የእነሱ ሥራ እሱ ነው። ሁሉም የራሱን ሥራ ከሠራ ማንም የማንንም መሥራት የለበትም።»

«አንተስ?» አለኝ ልጁ ድንገት። «አንተስ መች ትናገራለህ? እየሞትክ ዝም ስትል እኔ በምን ልወቅ?»

እውነቱን ነው። ማዳን ብቻ ሳይሆን መጣራትም የአካሚ ሥራ እንደሆነ ያን ጊዜ ገባኝ። «ከአሁን በኋላ እጮሃለሁ» አልኩት።

ጋሼ ጉሮሮአቸውን ጠረጉ። «እንግዲህ ስማኝ ልጄ። ቅድም ተከተለው ያልኩህን እርሳው። ታኮ ሁን።»

ስልኬን ይዤ አልጋው ግርጌ ተቀመጥኩ። አለቃ «ዝግጁ ናችሁ?» አለች።

«አለቃ» አለ ልጁ፣ «ዛሬ ልቀቅ ካላልሽኝ ከበሩ አልነቃነቅም።»

«እናያለን» አለች፤ ያመነች አትመስልም።

ጠላት መጣ። ጋሻው ላይ ዱላ ዘነበ። «ቆስያለሁ!» ብዬ ጮህኩ፤ ድምፄ ለራሴም እንግዳ ነበር። «ወደ ግራዬ ግባ!» አለኝ ልጁ። ገባሁ። ከዚያ ያ የምናውቀው ማባበያ መጣ፤ አንዱ ጠላት እያነከሰ ከበሩ ፊት ለፊት መሸሽ ጀመረ። የልጁ አውራ ጣት ስክሪኑ ላይ ወደ ሸሺው ሄደና ተመለሰ። ጋሼ «ተከተለው!» ሊሉ አፋቸውን ከፈቱ፤ ቆባቸውን አውልቀው በጥርሳቸው ነከሱት። ክንዳቸው ዝሏል፤ ገመዱን ግን አልለቀቁም።

«ታኮ፣ ታኮ፣ ታኮ» ይላል ልጁ ለራሱ።

አልሄደም። ከኋላችን የተተኮሰ ቀስት ሸሺውን ጣለው፤ በበሩ ሊገቡ አድፍጠው የነበሩትም ጋሻውን አላለፉም። አሸነፍን።

ስክሪኑ ላይ በትልቁ «የጨዋታው ጀግና» የሚል ወጣ፤ ከሥሩ የአንዱ ቀስተኛ ስም።

ጋሼ አንገታቸውን አስግገው አዩት። «ያንተ ስም የታለ?»

«የለም አባዬ።»

«እንዴት ይሆናል?»

«አሸንፈናል እኮ» አለ ልጁ እየሳቀ።

ቀስተኛው ሰምቶ ኖሮ ከስልኩ ውስጥ መለሰ፦ «አባባ፣ እኔ ዛሬ አንዲት ዱላ አልቀመስኩም። ስሜ የተጻፈው በልጅዎ ትከሻ ላይ ነው።»

«መብረቅ» አለች አለቃ፣ «ነገም በዚህ ሰዓት። እንዳትቀር።»

«ወዴት እሄዳለሁ?» አለ የታሸገ እግሩን እያየ፤ ሁሉም ሳቁ።

የዚህ ጨዋታ ጥቅም በጨዋታው ብቻ አያበቃም። ቦታውን አውቆ የሚቆም፣ ከመሄዱ በፊት የሚናገር፣ ሲቸግረው የሚጣራ ሰው፣ መሥሪያ ቤትም ቢገባ፣ ትዳርም ቢይዝ፣ ከእሱ ጋር ያሉት ሳይሰጉ ይሠራሉ። ልጁ ጀሶው ተፈትቶ መሰላል ሲወጣ መሰላሉን የሚይዝለትን ሰው ዞር ብሎ እንደሚያየው አልጠራጠርም። እኔም ግድግዳው ሳይኖር ከሰው ጋር ማውራት ጀምሬያለሁ።

ይህን ሁሉ ለጋሼ ልነግራቸው አፌን ስከፍት ብድግ አሉ። ገመዱን ሳይለቁ ወደ ራሳቸው ሳቡኝና እጄን ይዘው ሶኬቱ ላይ አስደገፉኝ። ኮታቸውን ግድግዳው ላይ ካለው ምስማር አወረዱ፤ በጥርሳቸው የነከሱትን ቆብ በመዳፋቸው አስተካክለው ደፉት።

«አባዬ፣ ወዴት ነው?» አለ ልጁ።

«መናኸሪያው ጀርባ» አሉና ወጡ። የግቢው በር ሲከፈት፣ ሲዘጋም ሰማን። እኔ ገመዱን እንደደገፍኩ ቀረሁ።