ያልታየችው ደላላ

(ሐሙስ ከሰዓት፣ ሐኪም ቤት፤ አንጋፋዋ ተዋናይት ስንቅነሽ አልጋዋ ላይ ተደግፋ፣ የፊልም ሽልማት ዳኞች ሰብሳቢ መኩሪያ አንድ ፌስታል ብርቱካን ይዞ አጠገቧ ተቀምጧል።)

ስንቅነሽ፦ አልፈልግም አልኩህ እኮ! ዋንጫውን ለሌላ በሽተኛ ስጡት።

መኩሪያ፦ እትዬ ስንቅነሽ፣ የሕይወት ዘመን ሽልማት እኮ ነው! ስንቱ የሚመኘው!

ስንቅነሽ፦ መቼ ወሰናችሁ?

መኩሪያ፦ ማክሰኞ።

ስንቅነሽ፦ እኔ ሰኞ ማታ አይደል እዚህ የገባሁት? ጠዋት ወሬውን ሰማችሁ፣ ከሰዓት ወሰናችሁ።

መኩሪያ፦ ደንግጠን ነዋ! አንዱ ዳኛማ «አምና ተሸላሚው ሳንሸልማቸው ሞተው እንደቀደሙን ዘንድሮም እሳቸው እንዳይቀድሙን» ብሎ አለቀሰ።

ስንቅነሽ፦ ምን ሆነችብኝ ብሎ? የሐሞት ጠጠር ነው፤ ወጣልኝ፣ ነገ ቤቴ እገባለሁ። የሞተ ልጅ አንገቱ ረጅም ነው ይላሉ። የእኔ ገና አልረዘመም፣ እየው።

መኩሪያ፦ ነገ?

ስንቅነሽ፦ ምነው ፊትህ ተለዋወጠ? ልሙትልህ?

መኩሪያ፦ ኧረ ክፉ አይንካዎ! ደስታዬ ነው። ብቻ… ለዝግጅቱ የተሠራው ቪዲዮ ሙዚቃው ትንሽ ያሳዝናል።

ስንቅነሽ፦ ዋሽንት ነው?

መኩሪያ፦ ዋሽንት ነው።

ስንቅነሽ፦ ጉድ እኮ ነው! በሉ እሱን ቀይሩት። አሁን ቁም ነገሩን ንገረኝ፤ በአዲሱ ፊልሜ ከምርጥ ተዋናይት ዕጩዎች ውስጥ ለምን የለሁበትም?

መኩሪያ፦ እርስዎ ያው የእናት ሚና ስለሆነ… ዋናዋ ልጅቷ ናት ብለን ነው።

ስንቅነሽ፦ የምን እናት? የምን ልጅ? ደላላ ነኝ! አንድ ቤት ለሦስት ሰው የምሸጥ ደላላ! ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ያለሁት እኔ፣ አንዲት ጠብታ እንባ የሌለብኝ!

መኩሪያ፦ ደላላ?

ስንቅነሽ፦ አላየኸውማ።

መኩሪያ፦ አይቼዋለሁ… ማለት፣ አሥራ ዘጠኝ ፊልም በሁለት ቀን እኮ ነው። መጀመሪያውን አየን።

ስንቅነሽ፦ ከዚያስ?

መኩሪያ፦ አሳለፍነው። እርስዎ ነጠላዎን አዘቅዝቀው ሲገቡ አንዱ «ያው አልቃሿ እናት ናት» አለና ሁላችንም ነጥብ ጻፍን።

ስንቅነሽ፦ ነጠላውን ያዘቀዘቅኩትማ ልቅሶ ቤት ልገባ ነው! የሟቹን ቤት ላሻሽጥ! ለቀስተኛውን እያቀፍኩ በጆሮው ዋጋ ስነግረው ብታይ!

መኩሪያ፦ አስከሬኑ ሳይወጣ? ሃሃሃ! ኧረ እትዬ!

ስንቅነሽ፦ ይኸው ሳቅክ። ያን ቀን እዚያ ሆነህ ብትስቅ ኖሮ ዛሬ ዕጩ ነበርኩ።

መኩሪያ፦ እውነቱን ልንገርዎ? ሽልማት ሁልጊዜ ችሎታ አይመዝንም። አንዱ ለወዳጁ ይሰጣል፣ አንዱ ስም አይቶ ይሰጣል፤ እኔም ሲደክመኝ ከጎኔ የተቀመጠውን ዳኛ ወረቀት አይቼ የጻፍኩበት ጊዜ አለ።

ስንቅነሽ፦ ዓይን ያያል፣ ልብ ይፈርዳል ነበር የሚባለው። እናንተ ዓይኑን ዘላችሁት።

መኩሪያ፦ ለዚህ ነው የክብሩን ሽልማት ተቀብለው ይገላገሉ የምለው። አዳራሹ በሙሉ ተነሥቶ ያጨበጭብልዎታል።

ስንቅነሽ፦ ለምኑ? አርባ ዓመት አልቅሺ ሲሉኝ ስላለቀስኩ? ይኼን ሚና ለምኜ፣ ተሟግቼ፣ «አንቺ አትሆኚም» ተብዬ ነው ያገኘሁት። አመመኝ መኩሪያ። ከጠጠሩ ይልቅ ይኼ ነው ያመመኝ።

መኩሪያ፦ …የዕጩዎቹ ዝርዝር የሚዘጋው ነገ ጠዋት ነው። አይቼው ሌላዋ ከእርስዎ ብትበልጥብኝስ?

ስንቅነሽ፦ ትብለጠኛ! አቅፌ እስማታለሁ! እስከ ዛሬ እኮ ማንም አሸንፎኝ አያውቅም፤ ለመሸነፍም መታየት ያስፈልጋል።

መኩሪያ፦ ፊልሙ ስልክዎ ላይ አለ?

ስንቅነሽ፦ አለ። ልክፈተው?

መኩሪያ፦ ቆይ፣ አይክፈቱት፤ መጀመሪያ ለሌሎቹ አራት ዳኞች ልደውል። እነሱም አላዩትም፤ መጥተው አብረን እንየው።