ቦንቱን ጅብ በላብን

ተጠራጣሪ ያደረገኝ ሥራዬ ነው። ሞጆ ደረቅ ወደብ ትራንዚተር ነኝ፤ ቀኑን ሙሉ የሰው ሰነድ ስፈትሽ እውላለሁ። ልጄ ቦንቱ ደግሞ እዚህ አዳማ ሦስተኛ ክፍል ናት። ኮሙኒኬሽን ቡክ የሚሉት ደብተር አላት፤ መምህሯ መልእክት ትጽፍበታለች፣ እኔ በየቀኑ እፈርምበታለሁ። አንድ ጠዋት ልፈርም ስል በፊርማዬ ሥር መምህሯ ሁልጊዜ የምትጽፈው "ታይቷል" የሚለው ቃል ዓይኔን ያዘኝ። ይቺ መምህርት ሳታነብ ነው የምትጽፈው ብዬ ጠረጠርኩ። ልፈትናት ብዬ በወላጅ አስተያየት ቦታ "ቦንቱን ትናንት ጅብ በላብን" ብዬ ጻፍኩ። ደብተሩን ተሸክማ የሄደችውም ራሷ ቦንቱ ናት። ሲመለስ ምን ቢል ጥሩ ነው? "ታይቷል።"

ደሜ ፈልቶ ትምህርት ቤት ሄድኩ። "ምነው መምህርት! ልጄን ጅብ በላት ብዬ ብጽፍ ታይቷል ይሉኛል?" አልኳት። ምንም አልደነገጠችም። ደብተሩን ሁለት ገጽ ወደ ኋላ ገልጣ "እስቲ ይቺን ያንብቡልኝ" አለችኝ። በእሷ ጽሕፈት "ቦንቱ ነገ ከአዋሽ አንድ አዞ ይዛ እንድትመጣ" ይላል። ከሥሩ ፊርማዬ አለ። አስመስለውብኝ ይሆናል ብዬ ወደ መስኮቱ አስጠግቼ መረመርኩት። የራሴው ነው፤ ጠዋት ጠዋት ቦንቱን የሚወስዳት ባጃጅ ጥሩምባ ሲነፋብን የምሞነጫጭረው።

"እኔም ወላጆች ሳያነቡ ነው የሚፈርሙት ብዬ ጠርጥሬ ነበር" አለች። "የእርስዎን ግን አንብቤዋለሁ። ከአዞ የተረፈች ልጅ ጅብ አይበላትም ብዬ ነው ዝም ያልኩት።"