የእትዬ ዘይነባ አንቴና

ከአብዮቱ በፊት በነበረው ክረምት፣ ኮልፌ ውስጥ አንድ ነጭ ለባሽ የጸጥታ ሰው፣ ጨርቅ የሚሸጡትን የአከራዬን የእትዬ ዘይነባን ትንሽ ራዲዮ ከመደርደሪያ አንስቶ አንቴናዋን ሰበረው። እህታቸው ወሎ ነበሩ፤ እዚያ ስለገባው ረሃብ የሚያወራው የውጭ ጣቢያ ብቻ ነበር። እኔ የምሠራበት ጋዜጣ ቃል አልተነፈሰም።

«ከእንግዲህ አገርዎን ይስሙ» አላቸው።

«አገሬንማ ነው የምሰማው። ጨርሰህ እንደሆን ተቀመጥ፣ አብረን እንስማ።»

እትዬ የራዲዮዋን የጆሮ ማዳመጫ ገመድ በጥርሳቸው ልጠው ከቀረችው ጉማጅ ላይ ጠመጠሙት፤ ሌላውን ጫፍ መስኮቱ ላይ ሰቀሉት። ጣቢያው ተመለሰ፤ ድምፁን መንገድ ድረስ ለቀቁት። ሰውየው ቆሞ ሰማና ወጣ።

በወሩ ተመልሶ መጣ። አለቃው የውጭ ጣቢያ ሲሰማ ይዞት አንቴናዋን የሰበረበትን የራሱን ራዲዮ ከኮቱ ሥር አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። እናቱ የሚኖሩት ላስታ፣ እዚያው ወሎ ነበር።