አቶ ታዘበውና የማዶዋ ልብስ ሰፊ

አቶ ታዘበው ከቢቸና ወደ ሞጣ በሚሄደው ሚኒባስ ሲሳፈሩ በደረት ኪሳቸው አንዲት ሰማያዊ ቁራጭ ጨርቅ፣ በሆዳቸው ደግሞ የሦስት ዓመት ቅናት ይዘው ነበር። ጨርቋ የማናለሽ ናት። ማናለሽ ከመንገዱ ማዶ፣ ከሱቃቸው ፊት ለፊት የስፌት መኪናዋን ካስቀመጠች ወዲህ የእሳቸው ደጃፍ ጭር ብሏል። ሠላሳ ዓመት የሰፉ ሰው ናቸው፤ እጇ ከእጃቸው እንደማይበልጥ ያውቃሉ። ታዲያ ሰዉ እሷን ለምን ይመርጣል? እሷ ያለፈ ያገደመውን ሁሉ «እንደምን ዋላችሁ? ከወዴት ናችሁ?» እያለች በርጩማ ላይ ታስቀምጣለች። ሳቅ በተሰማ ቁጥር አቶ ታዘበው ጣታቸውን በመርፌ ይወጋሉ። አንዳንዴም ከእንግዶቿ ጋር ቆማ ወደ እሳቸው በጣቷ ስትጠቁም ያዩና «ይኸው ታማኛለች!» ይላሉ። በመጨረሻ መስተፋቅር ብታሠራ ነው ብለው ቆረጡ። ሞጣ ያለ አንድ አዋቂም በስልክ «ከእጇ የወጣ ነገር ይዘው ይምጡ፤ ገበያዋን አስርልዎታለሁ» ስላላቸው፣ ነፋስ ከደጇ ያመጣትን ቁራጭ ግራ ቀኝ አይተው አነሡ።

አጠገባቸው አንዲት ወጣት ተቀመጠች። ስርጉት ትባላለች፤ ሞጣ የምታስተምር መምህርት ናት።

«ጋሼ፣ እንደምን አደሩ? እስከ ሞጣ ነዎት?»

አቶ ታዘበው ኪሳቸውን በመዳፋቸው ሸፈኑ። «ምን ያደርግልሻል?»

«ምንም። መንገዱን ወግ ያሳጥረዋል ብዬ ነው።»

«ልጄ፣ ከማያውቁት መልአክ የሚያውቁት ሰይጣን ይሻላል። በተዘጋ አፍ ደግሞ ዝንብ አይገባም።»

«እውነት ነው፤ እንጀራም ግን አይገባበትም» አለች ስርጉት፣ ሳትቀየም። «እኔ ሞጣ ስመደብ አንድ የማውቀው ሰው አልነበረኝም። ውኃ ልቀዳ በተሰለፍሁበት ከኋላዬ የነበሩትን እናት እንደምን ዋሉ አልኋቸው። ቤት ያከራዩኝ እሳቸው ናቸው፤ ታምሜ ስተኛም ያስታመሙኝ እሳቸው ናቸው። ያን ቀን ዝም ብል ኖሮ ማን ይደርስልኝ ነበር?»

«አንቺን ቀናሽ። እኔ ያነጋገርሁት ሌባ ቢሆንስ? ገመናዬን ቢያወጣብኝስ?»

«ገመናዎን ይንገሩ መች አልሁ? ሰላምታ ብቻ ነው። ደግሞስ ዛሬ የሚያውቁት ሰው ሁሉ ድሮ እንግዳ አልነበረም? ባለቤትዎን ሳያነጋግሩ ነው ያገቧቸው?»

«አባቴ ነው ያነጋገረልኝ» አሉና ፈገግ ሊሉ ቃጣቸው፤ ማናለሽ ትዝ ስትላቸው ግን ፊታቸው ተመልሶ ጠቆረ።

ደብረ ወርቅ ላይ መኪናው ቆሞ ሰው ሲወርድ የስርጉትን እጅጌ በሩ ያዘውና ስፌቱ ተተረተረ። አቶ ታዘበው ሰውን ዝም ማለት ይችላሉ፤ የተተረተረ ስፌትን ግን አይችሉም። «ይህን የሰፋው ማን ነው? ክሩን እንኳ አላጠበቀውም!» ብለው ከኮሌታቸው ሥር መርፌ መዘዙና ይሰፉት ጀመር።

ይህን ጊዜ ከፊት የተቀመጡት የመርጡለ ማርያሙ ቄስ መምሬ ይታያል ዞር አሉ። «አንተ፣ ያ የቢቸናው ልብስ ሰፊ አይደለህም? የጥምቀት ሰሞን የደብራችንን ካባ ላሳድስ መጥቼ ነበር። ማዶ ያለችው ሴት፣ ‹አባቴ፣ የካባ ሥራ አልችልበትም፤ ቢቸና ላይ የጋሽ ታዘበውን ያህል እጅ የለም› ብላ በጣቷ አሳየችኝ።»

«ታዲያ ለምን አልመጡም?»

«መጣሁ እንጂ! እንደምን ዋልህ ስልህ ቀና ብለህ አየኸኝና ዝም አልህ። የተቆጣህ መስሎኝ ተመለስሁ። እሷም ‹የምልክላቸው ሰው ሁሉ እንዲህ እያለ ይመለሳል› ብላ አዘነች።»

አቶ ታዘበው መርፌውን እጅጌው ላይ እንደ ሰኩ ቀሩ። አፈሩ። ግን ሦስት ዓመት የተቀለበ ቅናት በአንድ ቃል አይሞትምና፣ «ለካ ደግም ናት!» ብለው አሁን ደግሞ በደግነቷ ቀኑ።

ቆይተው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ልጄ፣ ኩራት አይደለም። ሰው ሲያነጋግረኝ ቃል ይጠፋኛል።»

«‹ከወዴት ነዎት?› ይበሉ፤ ሌላውን እሱ ራሱ ይነግርዎታል። ካልተናገሩ ደጃዝማችነት ይቀራል ይባል የለም?»

ሞጣ ሲወርዱ አዋቂው ሁለት ጊዜ ደወለ። አቶ ታዘበው ስልኩን አላነሡም፤ በመጡበት መኪና ተመለሱ። በመንገድም አጠገባቸው የተቀመጠውን ገበሬ፣ ጉሮሯቸውን ሦስት ጊዜ ጠርገው፣ «ከወዴት ነህ?» አሉት። ሰውየው ቢቸና እስኪደርሱ ወሬውን አላቆመም።

በማግስቱ ደጃፋቸው ላይ በርጩማ አወጡ፤ ትራስ ሰፍተውም ሰማያዊዋን ቁራጭ መሃሉ ላይ ለጠፉበት። መጀመሪያ ሰዉ «ጋሽ ታዘበው ምን ነካቸው?» እያለ አለፈ። ሳምንት ሳይሞላ ግን አንዱ ዝናብ ሲጠለል፣ አንዱ አድራሻ ሲጠይቅ ይቀመጥ ጀመር። ከአንዱ ጠንካራ ክር የሚገኝበትን ሱቅ ሰሙ፤ አንዲት እናት ለጉልበታቸው ሕመም የትኛው ሐኪም ዘንድ እንደሚሄዱ ነገረቻቸው፤ የመምሬ ይታያል ደብር ካባም መጣ። አንባቢ ሆይ፣ ሰላምታ ሰጪውን አያጎድልበትም። እንግዳ ሰው እኛ የማናውቀውን መንገድ፣ ሥራና መድኃኒት ያውቃል፤ ካልጠየቅነው ግን ይዞት ያልፋል። ከሁሉ ይልቅ ያላነጋገርነውን ሰው ክፉ አድርጎ የሚሥለው የገዛ ልባችን ነው።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ማናለሽ መንገዱን ተሻግራ መጣች። ትራሱን አየችና ሳቀች። «ጋሽ ታዘበው፣ ይህች ጨርቅ የእኔ አይደለችም? ምን አመጣት?»

ነፋስ ነው ማለት ይችሉ ነበር፤ ግማሹ እውነት ነው።

«ቅናት ነው ያመጣት» አሉ፣ ዓይናቸውን ከስፌት መኪናቸው ሳያነሡ። «ቁጭ በይ፣ ሁሉንም እነግርሻለሁ። ቆይ ግን፣ ሦስት ዓመት ሙሉ ሳልጠይቅሽ የቀረሁትን ልጠይቅሽ። ከወዴት ነሽ?»

«ከየጁቤ ነኝ» አለችና ተቀመጠች።