የአንድ ኪሎ ታንከር

ነይ የእህቴ ልጅ፣ ተቀመጪ። እዚያ አይደለም፣ ወንበሩ ገና አልደረቀም... ወዲህ ነይ። ፀጉርሽን ተቆረጥሽው? ያምርብሻል። እናትሽ ደህና ናት? ቅዳሜ ለጋብቻ ጥያቄው መልስ ትሰጫለሽ አለችኝ። ደስ ይላል። እኔ በሰው ትዳር ምን አገባኝ?

እኔ የማጫውትሽ ስለ ሌላ ሰው ነው። አታውቂያቸውም... እንዲያው አንድ በጣም የተማሩ ሰው። ለልብስ ማጠቢያ ቤቴ ጣሪያው ላይ የውሃ ታንከር ላሰቅል ስል፣ በያጁ ወፍራም ብረት ያስፈልገዋል ብሎኝ ነበር። እሳቸው ይህን ሰምተው አዘኑልኝ። ለምን ይደክማሉ እትዬ፣ እኔ አሰላልዎታለሁ አሉ።

ስልካቸውን አወጡ። የውሃ እፍጋት የሚሉት ነገር አለ፤ አንዱ ቦታ በኪሎ ግራም ለሜትር ኩብ አንድ ሺህ ይላል፣ ሌላው ቦታ በግራም ለሳንቲ ሜትር ኩብ አንድ ይላል። እኔ ትምህርት ቤትን በደጁ ያለፍኩ ሴት ግራ ገባኝ። እሳቸው ግን ግራ ይገባቸዋል? በጭራሽ። ሁለቱም ያው ነው፣ አጭሩን እንውሰድ አሉና አንድ የምትለዋን ቁጥር ወሰዱ፤ ግራሙን ጥለው ኪሎ አደረጓት። ታንከሩ አንድ ሜትር ኩብ ነው፣ እንግዲህ ውሃው አንድ ኪሎ። ያን ሁሉ ውሃ ከጫማዬ ይልቅ አቀለሉልኝ... የሰው ሸክም እንዲህ የሚያቀል ወንድ ከየት ይገኛል?

ሁለት ቀጫጭን እንጨት አቆሙለት። ከዚያማ ውሃው ሲሞላ፣ ታንከሩ በኮርኒሱ አድርጎ ሊጠይቀን ወረደ። ልብስ ተኳሿ ምሳ ልትበላ ወጥታ ነው እንጂ... ተዪው። ጠረጴዛዋ ለሁለት ተከፈለ። የደንበኞቼ ልብስም ታጥቦ እንደገና ታጠበ፣ ምን ይጎዳል? እሳቸውስ ደነገጡ? ምን በወጣቸው። ፍርስራሹ ላይ ቆመው፣ «ስሌቱ ልክ ነው እትዬ፣ ውሃው ነው የከበደው» አሉኝ። ይሄን ነው የምወድላቸው። ሰው ከቃሉ ፍንክች ካላለ፣ ቤት ቢፈርስ ምናለበት?

ምነው አቀረቀርሽ? ስላንቺ ሰው መቼ ወጣኝ? ያንቺውማ አስተዋይ ነው... ሲያሰላ በዓይኔ አይቼዋለሁ።

ብቻ ቅዳሜ እሺ ካልሽ፣ ምርቃቴ ከወዲሁ ይድረስሽ። እግዜር ድንቡሽቡሽ ያለ ልጅ ይስጣችሁ፤ መልኩም አባቱን ይምሰል። አንቺን ደግሞ ጤና ይስጥሽ... ሐኪም ለልጁ ሽሮፕ በሚሊ ሊትር ባዘዘ ቁጥር፣ ከቤት የማትጠፊ እናት ያድርግሽ።